ዶክቶር ቲጃኒ ኤል ማሂ፤ የነርቭ ሕመምተኞች ባለውለታ

እጁ የተሰበረ ሰው ወደ ሐኪም ቤት ሲወሰድ ዘመዶቹ በአደባባይ ደግፈውት ይሄዳሉ፤ ጎረቤትም በመንገድ ላይ እያስቆመ እግዚአብሔር ይማርህ ይለዋል። አእምሮው የታመመ ሰው ግን በጓዳ ይደበቃል፤ ስሙ በሹክሹክታ ይነሣል፤ ሕመሙ ሲበረታበትም በሰንሰለት ይታሰራል። አንደኛው ሕመም ለቤተሰብ ኀዘን ሲሆን ሁለተኛው ለቤተሰብ ኀፍረት ይሆናል። ነገር ግን አንጎል እንደ እጅ ሁሉ የአካል ክፍል ነው፤ የራሱ አሠራር፣ የራሱ ሥርዓትና የራሱም ሕመም አለው። ይህን እውነት በሥራ አስመስክረው ለአገራቸው ሕዝብ ያስተማሩ ሰው በጎረቤታችን በሱዳን፣ በካርቱም ከተማ ኖረው አልፈዋል። ስማቸውም ዶክቶር ቲጃኒ ኤል ማሂ ይባላል። የሕይወታቸው ታሪክ ለአስተዳዳሪውም ለነጋዴውም የሚጠቅም ትምህርት ስላለው ባጭሩ እንተርካለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቲጃኒ ኤል ማሂ በ1911 ዓ.ም. በነጭ ዓባይ ዳር በምትገኘው በኤል ካዋ ከተማ ተወለዱ። በዚያ ዘመን ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ የጋራ አገዛዝ ሥር ነበረች። ለአገሩ ልጆች ከፍ ያለ ትምህርት የሚገኘው በካርቱም፣ በ1902 ዓ.ም. በተከፈተው በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ነበር። ከዚህ ኮሌጅ የሚወጡት ወጣቶች አብዛኞቹ የመንግሥት ጸሐፊዎች፣ አስተማሪዎችና የሒሳብ ሠራተኞች ይሆኑ ነበር። በ1924 ዓ.ም. ግን የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት በዚያው በካርቱም ስለ ተከፈተ፣ ለሱዳናውያን ሐኪም የመሆን በር ተከፈተላቸው። ወጣቱ ቲጃኒም በጎርደን ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ በዚህ በር ገብተው በ1935 ዓ.ም. በሐኪምነት ተመረቁ።

የሕክምና ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው የሰውን አካል አሠራር ነው። ከአካል ክፍሎችም ሁሉ ለመማር የሚያስቸግረው አንጎልና ከእርሱ የሚወጡት ነርቮች ናቸው። አንባቢ የዶክቶር ቲጃኒን ሥራ ዋጋ ይረዳ ዘንድ እርሳቸው የተማሩትን ነገር፣ ከዚያም ወዲህ ሳይንስ የጨመረበትን፣ በጥቂቱ መግለጥ ያስፈልጋል።

አንጎል በራስ ቅል አጥንት ውስጥ የተቀመጠ፣ በሦስት ሽፋኖች የተጠቀለለ፣ ውሃ በሚመስል ፈሳሽም ተከብቦ ከግጭት የሚጠበቅ ለስላሳ አካል ነው። የአንድ ሙሉ ሰው አንጎል ከ1,300 እስከ 1,400 ግራም ያህል ይመዝናል። ይህም ከመላው የሰውነት ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ሰው በትንፋሹ ከሚያስገባው ኦክሲጅን ከመቶ 20 እጅ ያህሉን የሚወስደው እርሱ ነው። ሒሳብ የሚያውቅ ነጋዴ ይህን ሲሰማ ወጪው በዛ ይል ይሆናል፤ ሆኖም ይህ ወጪ ለጥቂት ደቂቃዎች እንኳ ቢቋረጥ የአንጎል ክፍሎች መሞት ይጀምራሉ፤ የሞተውም በቀላሉ አይተካም።

ከአንጎል ክፍሎች ትልቁ በቀኝና በግራ ለሁለት የተከፈለው ታላቁ አንጎል ነው። የሚያስደንቀው ነገር፣ የግራው ክፍል የሰውነትን ቀኝ ወገን፣ የቀኙም ክፍል ግራውን ወገን ማዘዙ ነው። ስለዚህ በአንጎሉ ግራ ክፍል ደም የፈሰሰበት ሰው ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ይሰንፋሉ። የንግግር ሥልጣንም በአብዛኞቹ ሰዎች ዘንድ በግራው ክፍል ስለሆነ ብዙ ጊዜ አንደበቱ አብሮ ይያዛል። በግንባር በኩል ያለው የአንጎል ክፍል አስቀድሞ ለማሰብ፣ ዕቅድ ለማውጣትና ራስን ለመግታት ያገለግላል። ከእርሱ ኋላ በአናት በኩል ያለው ክፍል የመዳሰስን ስሜት ይቀበላል። በጆሮ ግንድ አጠገብ ያለው መስማትንና ትዝታን ይጠብቃል። በማጅራት በላይ ያለው ደግሞ ዓይን ያመጣለትን ወሬ ተቀብሎ ይተረጉማል። ከዚህ በታች የተቀመጠው ትንሹ አንጎል የእንቅስቃሴን ልክና ሚዛን ይቆጣጠራል፤ ሰካራም ሲሄድ የሚንገዳገደው መጠጡ ይህንን ክፍል ስለሚያውክበት ነው። ከሁሉ በታች ያለው የአንጎል ግንድ ትንፋሽን፣ የልብን ምትና እንቅልፍን ይጠብቃል።

ከአንጎል ግንድ ቀጥሎ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርደው ገመድ ኅብለ ሰረሰር ይባላል። 12 ጥንድ ነርቮች በቀጥታ ከአንጎል፣ 31 ጥንድ ነርቮች ደግሞ ከኅብለ ሰረሰር ወጥተው ወደ ሰውነት ሁሉ ይዘረጋሉ። እንደ ቴሌግራፍ ሽቦም ሆነው ወሬውን ወደ ላይ፣ ትእዛዙን ወደ ታች ያመላልሳሉ። ነገር ግን ሁሉ ነገር ዋናውን መሥሪያ ቤት አይጠብቅም። እጃችን የጋለ ብረት በነካ ጊዜ ኅብለ ሰረሰር ከአንጎል ፈቃድ ሳይጠይቅ እጃችንን ያስሸሸዋል፤ ሕመሙ የሚሰማን ከዚያ በኋላ ነው። በአስተዳደር ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎች ይህንን አሠራር በቀላሉ ይረዱታል፤ እሳት በተነሣ ጊዜ የወረዳው ሹም ከበላይ ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥምና።

ይህ ሁሉ ሥራ የሚሠራው ሕዋስ በሚባሉ፣ ያለ ማጉያ መሣሪያ በማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች ነው። በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉ የዘመናችን ሊቃውንት ቆጥረው ገምተዋል። ወሬው በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል ይጓዛል፤ ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው የሚሻገረው ግን በአብዛኛው በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት በሚፈስ ቅመም አማካይነት ነው።

እንግዲህ ወጣቱ ሐኪም ይህንን የመሰለ ትምህርት ተምረው በልዩ ልዩ የአገራቸው ከተሞች ሕዝብን ማከም ጀመሩ። ነገር ግን በዚያ ሥራ ላይ ያለ ሐኪም ሁሉ አንድ ችግር ያጋጥመው ነበር። ደም የፈሰሰበት ወይም ዕጢ የበቀለበት አንጎል ቢከፈት ጉዳቱ በዓይን ይታያል። በሰው ፊት የማይቀርብ ኀዘን የያዘው፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ወይም ያለ ምክንያት የሚፈራ ሰው አንጎል ግን ከሞተ በኋላ ቢከፈት እንኳ የጤነኛ ሰው አንጎል ሊመስል ይችላል። ቁስሉ በዓይን ካልታየ ብዙ ሐኪሞች ነገሩ የእኛ ሥራ አይደለም ብለው ይተዉት ነበር። ስለዚህ ሕመምተኛው በዘመዶቹ ቤት ይታሰራል፤ ወይም ወደ ሼኽ ይወሰዳል፤ ለሕዝብ የሚያሰጋ ነው ከተባለም ዕጣው እስር ቤት ይሆናል። ሳይበድል የታሰረ ሰው የሚፈታበት ቀን አይታወቅም፤ ፍርድ አልተፈረደበትምና።

ዶክቶር ቲጃኒ ይህንን የተናቀ የሕክምና ዘርፍ ለራሳቸው መረጡ። ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በሎንዶን የአእምሮ ሕክምናን አጥንተው በ1949 ዓ.ም. ዲፕሎማ ተቀበሉ። ከአፍሪካ ልጆች በዚህ ሙያ ከሠለጠኑት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበሩ። ወደ አገራቸውም ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. ገደማ ከካርቱም በጥቁር ዓባይ ማዶ በምትገኘው በሰሜን ካርቱም የነርቭ ሕመሞች ክሊኒክ አቋቋሙ።

ይህንን ስም አንባቢ ልብ ይበል። የዕብዶች ቤት አልተባለም፤ የነርቭ ሕመሞች ክሊኒክ ነው የተባለው። በትርጉም ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ቃል ሸክም እንዳለው እናውቃለን። የጥንት ግሪኮች ነርቭንና ጅማትን በአንድ ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐረቦችም ነርቭን የሚጠሩበት ቃል መተሳሰርንና ጅማትን ያመለክታል። ነርቭ ሲባል እንግዲህ የአካል ክፍል፣ የሚታመምና የሚታከም ነገር ማለት ነው። አባት ልጄ አበደ ብሎ ወደ ሐኪም ቤት ለመምጣት ያፍራል፤ የልጄ ነርቭ ታመመ ብሎ ለመምጣት ግን አያፍርም። በሩ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ የኀፍረቱን ግማሽ ያነሣል።

ስሙም ለማባበል ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ የሚያመለክተው ነገር እውነት ነው። በሰው አካል ውስጥ ከፈቃዳችን ውጭ የሚሠሩ ነርቮች አሉ። እነርሱም በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን አደጋ በመጣ ጊዜ ልብን ያፈጥናል፣ ላብን ያወጣል፣ አፍን ያደርቃል፣ ሰውነትን ለመሸሽ ወይም ለመዋጋት ያዘጋጃል። ሁለተኛው ወገን አደጋው ካለፈ በኋላ ልብን ያረጋጋል፣ ምግብ እንዲፈጭ ያደርጋል። እነዚህ ሁለቱ እንደ ሚዛን ሆነው ሲጠባበቁ ሰው ጤነኛ ነው። ፍርሃት ወይም ኀዘን ሲሰነብት ግን የመጀመሪያው ወገን ሥራውን አላቆም ይላል፤ ሰውየውም ልቡ ሳይታመም ልቡን ይይዛል፣ ሆዱ ሳይቆስል ሆዱን ያመዋል። ሕመምህ ሐሰት ነው ብሎ የሚያባርረው ሐኪም ይሳሳታል፤ ሕመሙ እውነት ነው፤ መነሻው ግን ሰውየው ከሚያሳይበት ቦታ ላይ አይደለም።

ክሊኒኩ በተከፈተበት ጊዜ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሆን መድኃኒት ጥቂት ነበር። ሕመምተኛውን ሳያስተኛ የሚያረጋጋው ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት በፓሪስ ሥራ ላይ የዋለው በ1952 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዶክቶር ቲጃኒ ከመድኃኒት ሌላ ኃይል መፈለግ ነበረባቸው። ያንንም በሕዝባቸው ባህል ውስጥ አገኙት። በሱዳን ሕመምተኞች ከሐኪም አስቀድሞ ወደ ሃይማኖት ሼኾች ይሄዱ ነበር፤ ሴቶችም በዛር ማኅበር ይሰበሰቡ ነበር። ዛር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሱዳኖችና ግብፆች ልማዱን ከኢትዮጵያ እንደ ተቀበሉት የሚያምኑ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። ከበሮው፣ ዕጣኑ፣ ቡናው፣ ሴቲቱ በሌላ ስም የምትናገረው ነገር፣ ይህ ሁሉ በጎንደርም በኡምዱርማንም ይታወቃል።

በዚያ ዘመን በአውሮፓ የተማረ ሰው ይህንን ሁሉ ባጉል እምነትነት ንቆ ማለፍ ልማዱ ነበር። ዶክቶር ቲጃኒ ግን ሼኾቹን አልናቁም፤ ቀርበው ሥራቸውን አጠኑ፤ ከእነርሱም ጋር መተባበርን መረጡ። ምክንያታቸውን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የታወከ ነርቭ የሚረጋው በመድኃኒት ብቻ አይደለም፤ በሚታመን ሰው ቃል፣ በዘመድ አጀብ፣ ብቻውን አለመሆኑን በማወቅም ይረጋል። ሕመምተኛውን ከዘመዱ፣ ከሃይማኖቱና ከቋንቋው ለይቶ በግንብ ውስጥ የሚዘጋ ሐኪም ቤት ይህንን መድኃኒት በገዛ እጁ ይጥለዋል። በዚያው ዘመን በናይጄሪያ ዶክቶር ላምቦ በአቤኦኩታ አጠገብ ሕመምተኞች ከዘመዶቻቸው ጋር በገበሬዎች መንደር እየኖሩ የሚታከሙበትን ሥርዓት አቋቁመው ነበርና፣ ሁለቱ አፍሪካውያን ሐኪሞች በአንድ መንገድ ተጓዙ ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ መተባበር ማለት ሁሉን ነገር ለሼኽ መተው አይደለም። የሐኪም ዋና ሥራ መለየት ነው። የሚጥል በሽታ በአንጎል ሕዋሳት ኤሌክትሪክ ድንገተኛ መታወክ የሚመጣ ነውና በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ወባ ወደ አንጎል ወጥታ የምታስቀባጥረው ሰው ሰዓታት ካለፉበት ይሞታል፤ ከበሮም ጸበልም እስኪያልቅ ድረስ ሊጠብቅ አይችልም። የቆየ ቂጥኝ አንጎልን ሲበላ ሰውን ዕብድ ያስመስላል፤ ፔኒሲሊን ግን ያቆመዋል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም ዕብደት ብሎ የሚጠራ አገር መዳን የሚችሉትን ሰዎች ይቀብራል። የአንጎልን አሠራር ማወቅ የሚጠቅመውም ስለዚህ ነው።

ዶክቶር ቲጃኒ መጻሕፍትን እጅግ የሚወዱ ሰው ነበሩ። የታሪክ መጻሕፍትንና የጥንት ጽሑፎችን ከየቦታው ይሰበስቡ ነበር፤ የዐረብን ሕክምና ታሪክም አጥንተው ጽፈዋል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለሥራቸው ድጋፍ የሚሆን ብዙ ነገር አለ። በ1284 ዓ.ም. ገደማ ሱልጣን ቀላውን በካይሮ ባሠሩት ታላቅ ሐኪም ቤት ውስጥ ለአእምሮ ሕመምተኞች የተለየ ክፍል ነበረ። የኢብን ሲና የሕክምና መጽሐፍም በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ሲማሩበት ኖረዋል። ከዚህም በላይ የዐረብ ሐኪሞች የአንጎልን ሽፋኖች በእናት ስም ጠርተዋቸው ስለ ነበረ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የዐረብኛው መጻሕፍት ወደ ላቲን ሲመለሱ ተርጓሚዎቹ ቃሉን እንዳለ አስገቡት። እስከ ዛሬም በዓለም ያሉ ሐኪሞች ሁሉ የአንጎልን የውጭ ሽፋን ጽኑ እናት፣ የውስጡን ሽፋን ርኅሩኅ እናት እያሉ በላቲን ይጠሩታል። የአእምሮ ሕሙማንን በሐኪም ቤት መርዳት እንግዲህ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም፤ ምሥራቁ ዓለም ቀድሞ ያውቀው የነበረና የረሳው ነገር ነው።

የዚህ ሰው ዝና ከአገራቸው ወሰን አልፎ ስለ ተሰማ ከ1959 እስከ 1964 ዓ.ም. ድረስ የዓለም ጤና ድርጅት የምሥራቅ ሜዲተራንያን አገሮች የአእምሮ ጤና አማካሪ ሆነው በእስክንድርያ አገለገሉ። በጥቅምት ወር 1964 ዓ.ም. የካርቱም ሕዝብ ተነሥቶ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ይገዛ የነበረውን የጄኔራል ዓቡድን የጦር መንግሥት ጣለ። ከዚያ በኋላ የርእሰ ብሔርን ሥልጣን የሚይዝ አምስት አባሎች ያሉት ሸንጎ ሲቋቋም፣ የሚመረጡት ሰዎች በሁሉ ዘንድ የታመኑ መሆን ስለ ነበረባቸው ዶክቶር ቲጃኒ አንዱ ሆኑ። ከአምስቱ አባሎች ሌላው ዶክቶር ዓብደል ሐሊም ሙሐመድም ሐኪም ነበሩ። የሸንጎው ሊቀ መንበርነት በተራ የሚዞር ነበር። በየካቲት 1965 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን ጎብኝተው ወደ ካርቱም በተሻገሩ ጊዜ፣ በሱዳን መንግሥት ስም የተቀበሏቸው ዶክቶር ቲጃኒ ነበሩ። በቅኝ ገዥዎች በተሠራ ትምህርት ቤት የተማረው የኤል ካዋ ልጅ፣ ነፃ በወጣች አገሩ አደባባይ የእንግሊዝን ንግሥት በአስተናጋጅነት ተቀበለ።

ሸንጎው በ1965 ዓ.ም. አጋማሽ ሥራውን ሲያስረክብ ዶክቶሩ በሥልጣን ላይ ለመቆየት አልፈለጉም። ወደ ሙያቸውና ወደ መጻሕፍታቸው ተመለሱ፤ በካርቱም ዩኒቨርሲቲም አስተማሩ። ስድሳ ዓመት ሳይሞላቸው በጥር ወር 1970 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለዩ። የሰበሰቧቸው ብዙ መጻሕፍትና የእጅ ጽሑፎች ለካርቱም ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተሰጥተዋል። ሥራቸውንም ዶክቶር ጣሃ ባሸርና ሌሎች ሱዳናውያን ሐኪሞች ተቀብለው ቀጠሉ። በኡምዱርማን የቆመው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታልም በስማቸው ተጠራ። በ2023 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ የተነሣው ጦርነት ካርቱምንና ኡምዱርማንን ሲያፈርስ ይህ ሆስፒታልም ከጉዳት አላመለጠም። ጦርነት የሰውን ነርቭ ከሁሉ ይልቅ የሚያቆስል ነገር ሲሆን፣ የነርቭ ሐኪም ቤት በጦርነት መዘጋቱ ምን ያህል የሚያሳዝን ነው።

የዶክቶር ቲጃኒ ሕይወት የሚያስተምረን ነገር ሁለት ነው፤ ሁለቱም የማይነጣጠሉ ናቸው። አንደኛው፣ አእምሮው የታመመ ሰው የአካል ክፍሉ የታመመ ሰው ነውና ኀፍረትም ሰንሰለትም አይገባውም። ሁለተኛው፣ ያ የታመመው የአካል ክፍል በጆሮ የሚሰማ፣ በልማድና በእምነት የሚኖር ነውና ሰውየውን ከነወገኑ ሳያውቁ ማከም አይቻልም። የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ሐኪም ሕመምተኛው ያመልጠዋል፤ ሁለተኛውን ብቻ የያዘም መድኃኒት ያለውን በሽታ ያሳልፈዋል።

ይህ ትምህርት ለሐኪሞች ብቻ አይደለም። ሕመምተኛው ወደ ሐኪም ቤት ወይም ወደ እስር ቤት የሚሄድበትን ወረቀት የሚፈርመው አስተዳዳሪ ነው። በሱቁ ደጅ ያደረውን ምስኪን በዱላ የሚያባርረው ወይም ዘመዱን ፈልጎ የሚያስጠራው ነጋዴ ነው። እንግዲህ ብዕር የያዘም ገንዘብ የያዘም ሰው፣ ብዕሩን ከማንሣቱ ወይም በሩን ከመዝጋቱ አስቀድሞ፣ በፊቱ የቆመው ሰው እጁ የተሰበረ ቢሆን ኖሮ ምን አደርግለት ነበር ብሎ ራሱን ይጠይቅ።